«ግድግዳችሁ ውስጥ ያለው ዝምተኛ ገዳይ»፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ባጭሩ የሚለው ይኼ ነው፦ በቤታችን ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው መብራት «ጨረር» ይተፋል፤ ጨረሩ ልጆችን ለደም ካንሰር ይዳርጋል፤ አዋቂውን ራሱን ያሳምመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያዝለዋል። ለማስረጃ ጸሐፊው በስልኩ የለካውን ቁጥርና በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት ያቀርባል። ለመፍትሔ ደግሞ የኧርዝ ሽቦ (ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርደውን) ቁረጡ፣ ግድግዳውን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኑ፣ እንጀራውን በከሰልና በእንጨት ጋግሩ ይላል።

ወሬው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ምክሩ ግን ሰው ይገድላል። ደግሞም በመሃሉ እውነት የሆነ ነገር ስላለበት «ውሸት ነው» ብሎ መዝጋትም ልክ አይሆንም። ይህን የምንጽፈው በቤት ውስጥ ዝርጋታና ጥገና ላይ የምንውል ሰዎች ነን፤ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እናንሳቸው።

«መኝታ ክፍሌ ውስጥ በስልኬ 38 ማይክሮቴስላ ለካሁ፤ ከአደገኛው 0.4 ማይክሮቴስላ 95 እጥፍ ነው»

ማይክሮቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው። ማካፈሉ ልክ ነው፤ 38 ለ0.4 ሲካፈል 95 ይመጣል። የተለካው ግን መብራቱ አይደለም፤ መሬት ናት።

ስልክ ውስጥ ያለችው መግነጢስ ለኪ ቺፕ የተሠራችው ለኮምፓስ ነው። ሥራዋ ሰሜን ወዴት እንደሆነ ማወቅ ስለሆነ የምታነበው የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ ነው። ይህ መስክ እንደየአገሩ ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ይደርሳል። አዲስ አበባ የመግነጢስ ወገብ በሚባለው መስመር አጠገብ ስላለች መስኩ ወደ 36 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው፤ አቅጣጫውም ከአድማስ ጋር የተጋደመ ነው ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሲቋቋም ቦታውን ተፈላጊ ያደረገውም ይኸው ለመግነጢስ ወገብ መቅረቡ ነበር። ከ36 ወደ 38 የወሰደችው ትርፍ የብረት አልጋ ወይም የስልክ ሽፋን ማግኔት ልትሆን ትችላለች። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ያንኑ መተግበሪያ ቢከፍት ወደ 50 ያነባል፤ አንድም ሽቦ በሌለበት ሜዳ መሃል ቢቆምም።

ማረጋገጡ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ ከዚያ ስልኩን ሳታንቀሳቅሱ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ቁጥሩ እዚያው ይቆያል። ብሬከር ማውረድ የሚያስቸግር ከሆነ መብራት የሄደ ቀን ጠብቆ መሞከር ነው፤ ብዙ አያስጠብቅም።

የቤት መብራት መስክ ባሕሪው ሌላ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል። የስልክ ቺፕ ለዚህ አልተሠራችም፤ ወይ አማካዩን ይዛ ታጠፋዋለች፣ ወይ ቁጥሩን እያርገፈገፈች ታሳያለች። ለዚህ የሚሆነው በሦስት አቅጣጫ የሚለካና 50 ኸርትዝን የሚሸፍን ጋውስሜትር ነው። እሱም ሲነበብ መለኪያ አሃዱን ማየት ያስፈልጋል፦ ብዙዎቹ በሚሊጋውስ ነው የሚያሳዩት፣ 1 ሚሊጋውስ ደግሞ 0.1 ማይክሮቴስላ ነው። ጽሑፉ አንድ ቦታ «4 ሚሊጋውስ»፣ ሌላ ቦታ «4 ማይክሮቴስላ» እያለ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ይጽፋቸዋል፤ ልዩነታቸው አሥር እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ስለ 110 ቮልትና ስለ 60 ኸርትዝ ያወራል። የእኛ ቤት 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው። ከየት እንደተገለበጠ ራሱ ይናገራል።

በትክክለኛ መሣሪያ ሲለካ የአውሮፓ ቤቶች አማካይ ከ0.025 እስከ 0.07 ማይክሮቴስላ፣ የአሜሪካ ቤቶች ከ0.055 እስከ 0.11 ማይክሮቴስላ ነው።

«በ1979 ተረጋግጧል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ካንሰር አምጪ ብሎታል»

እውነቱ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በ1979 እ.ኤ.አ. ናንሲ ወርትሃይመርና ኤድ ሊፐር ዴንቨር ከተማ ውስጥ በካንሰር የሞቱ ልጆችን ቤት ከሌሎች ልጆች ቤት ጋር አነጻጸሩ። መስኩን በመሣሪያ አልለኩም፤ ከቤቱ ውጭ ያለው የመብራት ሽቦ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነና ምን ያህል እንደሚቀርብ አይተው ቤቶቹን በምድብ ከፈሉ። ሥራቸው ትልቅ ጥያቄ ከፈተ፤ ማረጋገጫ ግን አልነበረም።

ጠንከር ያለው መረጃ የመጣው በ2000 ነው (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የተለያዩ አገሮችን ጥናቶች አንድ ላይ ያጠቃለለ ትንተና 3,247 ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) የያዛቸውን ልጆች ከ10,400 ጤነኞች ጋር አነጻጸረ። የቤታቸው አማካይ መስክ ከ0.4 ማይክሮቴስላ በታች በሆነባቸው ላይ ልዩነት አልታየም፤ ከዚያ በላይ በነበሩት ላይ ግን ሉኪሚያ በእጥፍ ታየ። ከዚያ በላይ የነበሩት ልጆች ከመቶ አንድ አይሞሉም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ትንተና መስመሩን 0.3 ላይ አድርጎ 1.7 እጥፍ አገኘ። ጸሐፊው «አደገኛው መጠን» የሚለው 0.4 ከዚህ የመጣ ነው። እንግዲህ 0.4 የስታቲስቲክስ መለያ መስመር እንጂ የደኅንነት ወሰን አይደለም፤ ቁጥሩም የአንድ ቅጽበት ንባብ ሳይሆን የረጅም ጊዜ አማካይ ነው። ኢክኒርፕ የሚባለው፣ ከእንዲህ ያለ መስክ መጠበቂያ መመሪያ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ለሕዝብ ያስቀመጠው ወሰን በ1998 100 ማይክሮቴስላ ነበር፤ በ2010 200 አደረገው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2002 ይህን መስክ «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ የሚችል» በሚለው 2ቢ ምድብ ውስጥ አስገባው። እውነት ነው። ምድቡ የሚናገረው ግን ስለ ማስረጃው ጥንካሬ ነው እንጂ ስለ አደጋው መጠን አይደለም። የሬት ሙሉ ቅጠል ጭማቂም እዚያው ምድብ ውስጥ አለ። ቡናችንም ከ1991 ጀምሮ ከፊኛ ካንሰር ጋር በተያያዘ እዚያ ከርሞ በ2016 ወጥቷል። ቡናው በወጣበት በዚያው ስብሰባ ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ ማንኛውም መጠጥ 2ኤ ውስጥ ገባ፤ ከመግነጢሳዊ መስክ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ምድብ መሆኑ ነው። ጀበናው ሳይሰክን የሚጠጣ ሰው ስለ ሶኬቱ ከመጨነቁ በፊት ስኒውን ቢያስብ ይሻለዋል።

ታዲያ ከ2002 ወዲህ ምድቡ ለምን ከፍ አላለም? መስኩ እንዴት አድርጎ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያሳይ መንገድ አልተገኘም። በእንስሳት ላይ የተደረገውም ሙከራ አልደገፈውም። የጥናት ተሳታፊ አመራረጥም ችግር አለበት፦ ለካኞች ቤቱ እንዲገቡ የሚፈቅደውና የማይፈቅደው ቤተሰብ በኑሮ ደረጃው ስለሚለያይ ውጤቱ ሊዛባ ይችላል። ለእኛ ከሁሉም በላይ አሳማኙ የብሪታንያ ታሪክ ነው። በ2005 የወጣ ጥናት ከከፍተኛ ኃይል መስመር በ200 ሜትር ውስጥ የተወለዱ ልጆች ላይ የሉኪሚያ መብዛት አገኘ፤ ነገር ግን ጭማሪው እስከ 600 ሜትር ድረስ ዘለቀ። በ600 ሜትር ላይ የመስመሩ መስክ የለም ቢባል ይቀላል፤ እና ምክንያቱ መስኩ ሊሆን አይችልም። ጥናቱ እስከ 2008 ባሉ ልጆች ተራዝሞ በ2014 ሲወጣ ደግሞ ጭማሪው በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የታየ፣ ከዚያ በኋላ እየሳሳ የጠፋ ሆኖ ተገኘ። መስመሮቹ ግን ዛሬም አሉ።

ምክንያቱ መስኩ ነው ብንል እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት ሒሳብ አለ፦ በ2000 በዓለም ከነበሩት 49,000 የሕፃናት ሉኪሚያዎች ውስጥ ከዚህ ጋር ሊያያዙ የሚችሉት ከ100 እስከ 2,400 ናቸው፤ ከመቶ ከ0.2 እስከ 4.95። ዜሮ ነው አንልም። ጉዳዩ አልተዘጋም፤ ብዙ ወጪ ሳያስወጣ መስኩን መቀነስ ከተቻለ ይቀነስ፤ እኛ የምንለው ይህን ነው።

ስለ «ጨረር» ቃሉም አንድ ነገር። ኤክስሬይ ሴልን የሚጎዳው ከአቶሞች ኤሌክትሮን የመንጠቅ ጉልበት ስላለው ነው፤ ለዚያ አሥር ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ያስፈልጋል። የ50 ኸርትዝ ጉልበት ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት አንድ ትሪሊዮንኛ እንኳ አይሞላም። የሞገዱ ርዝመት ደግሞ 6,000 ኪሎሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ለንደን ያህል። ይህን ያህል ሞገድ ከአንዲት ክፍል ሽቦ ወጥቶ አይበርም። ያለው ከሽቦው ጋር የሚኖርና ስትርቁት የሚጠፋ መስክ ነው።

«ቆጣሪ ወይም ብሬከር ቦርድ ከአልጋ ጀርባ ካለ ቤቱን ልቀቁ»

ቤት መልቀቅ አያስፈልግም፤ አልጋውን አንድ ክንድ መሳብ ይበቃል። ሒሳቡ ይኸውላችሁ።

ብቻውን የተዘረጋ ሽቦ 1 አምፔር ሲያልፍበት 1 ሜትር ላይ 0.2 ማይክሮቴስላ ይሰጣል። በቤት ውስጥ ግን ፌዝ (ኮረንቲውን የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል (የሚመልሰው) ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት፤ በአንዱ የሄደው በሌላው ስለሚመለስ መስኮቻቸው ይጣፋሉ። ሁለቱ በ1 ሳንቲሜትር ተራርቀው 20 አምፔር ቢሸከሙ 30 ሳንቲሜትር ላይ 0.44፣ 1 ሜትር ላይ 0.04 ማይክሮቴስላ ነው የሚተርፈው። 20 አምፔር ደግሞ ምጣድ ከነፍሪጁ ሲሠራ ነው፤ ሌሊት ሁሉ ሰው ተኝቶ ያን ያህል አይሄድም።

ጸሐፊው ያላነሳው፣ ቢያነሳው ኖሮ የምናመሰግነው አንድ ስሕተት አለ፦ ኒውትራል መዋስ። በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ ሲኖር ወይም ደረጃ ላይ በሁለት ቦታ የሚበራ መብራት ሲሠራ አንዳንድ ሠራተኛ ሽቦ ለመቆጠብ ፌዙን ከአንድ መስመር፣ ኒውትራሉን ከሌላው ይወስዳል። ያኔ ኮረንቲው በአንድ ግድግዳ ሄዶ በሌላው ይመለሳል፤ መስኮቹም አይጣፉም። 5 አምፔር ብቻ እንዲህ ቢዞር 1 ሜትር ላይ 1 ማይክሮቴስላ፣ 3 ሜትር ላይ እንኳ 0.33 ይሆናል። ቤት ውስጥ ከተለመደው የላቀ መስክ ሲገኝ አንዱ ምንጭ እንዲህ ያለ ዝርጋታ ነው። መፈተሻው ክላምፕ ሜትር (ሽቦን በመንጋጋው ከብቦ ኮረንቲ የሚለካ መሣሪያ) ነው፦ መንጋጋውን ፌዙንና ኒውትራሉን አንድ ላይ አድርጎ መያዝ። ዜሮ ወይም ዜሮን የሚጠጋ ካላነበበ የሄደው ኮረንቲ በሌላ መንገድ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ፌዝ የራሱን ኒውትራል ማምጣት ነው። ይህ ሳይስተካከል የፍሳሽ ኮረንቲ ብሬከር (የሄደውና የተመለሰው ኮረንቲ ሲለያይ የሚቆርጥ) ቢገጠም እየዘለለ ስለሚያስቸግር ባለቤቱ ብሬከሩን ነቅሎ ይጥለዋል፤ ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ከዚያ ነው።

የዕቃዎቹ መስክ ርቀት ሲጨምር ፈጥኖ ይሞታል። የፀጉር ማድረቂያ 3 ሳንቲሜትር ላይ ከ6 እስከ 2,000 ማይክሮቴስላ ይደርሳል፤ 1 ሜትር ላይ ከ0.03 አያልፍም። ፍሪጅ 30 ሳንቲሜትር ላይ ቢበዛ 0.25 ነው።

በእኛ ቤት ከሁሉም የሚበልጠው ምጣዱ ነው። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይወስዳል። ከሸክላው ሥር በተቀረጸው ጎድጎድ ውስጥ ሪዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ) ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስምንት ዙር ተጠቅልሎ ከሆነ፣ ሒሳቡ ከምጣዱ መሃል ግማሽ ሜትር ላይ ወደ 15 ማይክሮቴስላ፣ 1 ሜትር ላይ ወደ 2፣ 2 ሜትር ላይ ወደ 0.3 ይሰጣል። ሄዶ መልሶ በተጓዳኝ ጎድጎድ የሚመለስ አጠቃለል ከሆነ በጣም ያንሳል፤ ምጣድ ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ያለ ወጪ የሚገኝ ማሻሻያ ነው። በሳምንት ሦስት ሰዓት የምትጋግር ሴት 15ቱን ሙሉ ብትቀበል እንኳ የሳምንቱ አማካይ ላይ የሚጨምርላት 0.27 ነው። እና ሊጥ ካፈሰሱ፣ አክንባሎውን ከከደኑ በኋላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ብቻ መስኩን በብዙ ያወርደዋል። እንፋሎቱም እንዲሁ አይጠብስም።

«የከፍተኛ ኃይል መስመር ሠፈሩን ሁሉ ይመርዛል»

ከመስመሩ ሥር መስኩ እስከ 20 ማይክሮቴስላ ሊደርስ ይችላል፤ ከ50 እስከ 100 ሜትር ሲርቅ ግን መስመር በሌለበት ሠፈር ካለው ጋር ይስተካከላል። ከሥሩ ቤት መሥራት የተከለከለበት ምክንያት ሌላ ነው፦ የሽቦ መውደቅ፣ እሳት መዝለል፣ ረጅም ብረት ይዞ ጣሪያ ላይ መውጣት። በነገራችን ላይ በመስመሩ አቅራቢያ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ወይም አጥር ሲነካ የሚቆነጥጠው የኤሌክትሪክ መስኩ ቻርጅ ስለሚያደርገው ነው፤ ቆርቆሮውን ከመሬት ጋር በሽቦ ማያያዝ ያጠፋዋል።

«ማይክሮዌቭ ምግቡን ጨረራማ ያደርገዋል»

አያደርገውም። ውሃውን አሙቆ ያበቃል፤ ማሽኑ ሲጠፋ ሞገዱም የለም። የሚያስፈራው በሩ የተጣመመ ወይም መዝጊያው የማይገጥም ማይክሮዌቭ ነው፤ እሱን አለመጠቀም። እግረ መንገዳችንን፦ የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ከኢንዳክሽን ምድጃ 60 ሳንቲሜትር ያህል ቢርቅ ይመከራል፤ ዝርዝሩን ከሐኪሙ ይጠይቅ። ይህ በትክክል የታወቀ የመስክ ጉዳይ ነው፤ ጽሑፉ ግን አንድ መስመር አልሰጠውም።

«ፍሪጅ ወይም ላፕቶፕ ስትነኩ የሚነዝራችሁ ጨረሩ ነው፤ የኧርዝ ሽቦው የሠፈሩን ጨረር ስለሚያስገባ ቁረጡት»

እዚህ ላይ ትዕግሥታችን ያልቃል።

መጀመሪያ ንዝረቱ። በላፕቶፕ ቻርጀር ውስጥ ለማጣሪያ የሚገባ ትንሽ ካፓሲተር አለ። 2.2 ናኖፋራድ ቢሆን በ220 ቮልት የሚያሳልፈው 0.15 ሚሊአምፔር ነው። ቻርጀሩ ኧርዝ ከሌለው ይቺ ኮረንቲ መውጫ ስለምታጣ የላፕቶፑ ብረት ላይ ቆይታ በእጃችሁ በኩል ትወርዳለች፤ ጣት ላይ እንደ መርፌ ትወጋለች፣ አትገድልም። ኧርዝ ሲኖር በሽቦው ትወርዳለች፣ ንዝረቱም ይጠፋል። ስለዚህ ጸሐፊው የቈረጠው መድኃኒቱን ነው።

የምጣድና የውሃ ማሞቂያ ንዝረት ግን ሌላ ነው። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጡ በስንጥቁ ሰርጎ ሪዚስታንሱ ጋ ይደርሳል፤ እርጥብ ሊጥ ኮረንቲ ያሳልፋል። ጋጋሪዋ በእርጥብ ማሰሻ ስትወለውል፣ እግሯ ባዶ ሆኖ ሲሚንቶ ላይ ስትቆም መንገዱ ሙሉ ይሆናል። የእርጥብ ሰው አካል ለኮረንቲ ያለው ተቃውሞ ወደ 1,000 ኦም ገደማ ነው ብንል 220 ቮልት 220 ሚሊአምፔር ይነዳበታል። ሰው ንዝረት በግልጽ የሚሰማው ከ0.5 ሚሊአምፔር ገደማ ጀምሮ ነው፤ 10 ላይ ጡንቻው ተኮማትሮ እጁ አልለቅ ይላል («ኮረንቲ ያዘው» የምንለው ይህንን ነው)፤ ከ50 ካለፈና ከአንድ የልብ ምት በላይ ከቆየ ልብ ምቷ ሊሰበር ይችላል። ጽሑፉ በባዶ እግር መሄድ «ጨረር ያወርዳል» ብሎ መምከሩን ከዚህ ጎን አስቀምጡት።

ኧርዙ ራሱ ልክ ሆኖ መሠራት አለበት። የመዳብ ዘንግ ተቀብሮ 10 ኦም ቢገኝ እንኳ ፌዝ ብረቱን ሲነካ የሚሄደው 220 ለ10፣ ማለትም 22 አምፔር ነው። 32 አምፔር ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት አይቶ ዝም ይላል። በመረሬ አፈር ደግሞ በበጋ መሬቱ ሲሰነጠቅ ዘንጉን ይለቀዋል፤ 10 የነበረው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዘንጉ ከ30 ሚሊአምፔር የፍሳሽ ኮረንቲ ብሬከር ጋር ነው የሚሠራው። እሱ የሄደውንና የተመለሰውን ያነጻጽራል፤ የ30 ሚሊአምፔር ልዩነት ካየ በሰከንድ ክፍልፋይ ይቆርጣል። ኧርዙ 1,000 ኦም ቢደርስ እንኳ ብሬከሩ ሳይቆርጥ ብረቱ ላይ ሊቆይ የሚችለው ቢበዛ 30 ቮልት ነው። በላዩ ያለችውን የመፈተሻ ቁልፍ በወር አንዴ መጫን፤ ካልዘለለ መቀየር።

አንዳንድ ሠራተኛ ኧርዝ ሲያጣ ሶኬቱ ውስጥ የኧርዙን ጫፍ ከኒውትራል ጋር ያስረዋል። በዚያን ቀን ይሠራል። ኒውትራሉ ከቆጣሪው በኩል የላላ ቀን ግን የፍሪጁም፣ የምጣዱም፣ የማሞቂያውም ብረት ባንዴ 220 ቮልት ይሆናል፤ አንዱን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ቤቱን ሁሉ። ባለሙያ ሲመጣ ሶኬቱን አስከፍታችሁ ይህን እዩ፤ አጭር ሽቦ ከኧርዝ ወደ ኒውትራል ካለች አስወጧት።

ሌላው ሙቀት ነው። ምጣድ በቀጭን ማከፋፈያ ላይ ሲሰካ የስፒናው እግር ላልቶ 0.1 ኦም ብቻ ቢፈጥር፣ 16 አምፔር በ16 አምፔር ተባዝቶ በ0.1 ሲመታ 25.6 ዋት ይሆናል። ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ለመበየድ የሚጠቀምበት ካውያ ያህል ሙቀት በአንድ ስፒና ውስጥ ታምቆ ማለት ነው፤ ፕላስቲኩ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይቀልጣል፣ ከዚያ ይነዳል። ምጣድ የራሱ መስመር ይኑረው፦ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ሶኬት። ጋግራችሁ ስትነቅሉ ስፒናውን ዳሰስ አድርጉት፤ የሚፋጅ ከሆነ ሶኬቱም ስፒናውም ይቀየሩ፣ አንዱን ብቻ መቀየር አዲሱን ያቃጥለዋል።

«ግድግዳውን በፎይል ሸፍኑ፤ ስልክ ላይ ስቲከር ለጥፉ»

50 ኸርትዝ መግነጢሳዊ መስክን በአሉሚኒየም ለማዳከም ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን አለበት። የወጥ ቤት ፎይል 0.016 ሚሊሜትር ናት። መስኩን አታቆምም፤ ሶኬት ጠርዝ ገብታ ፌዙን ከነካች ግን ግድግዳውን በሙሉ ኮረንቲ ታደርገዋለች። ስለ ስቲከሩ የምንለው የለንም፤ ገንዘብ ማባከን ነው።

«ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ባንዴ ይታመማል፣ ከቤት ሲወጣ ይሻለዋል። የመብራት ጨረር ምልክት ይህ ነው፤ ወደ ከሰል ተመለሱ»

መስኩ እንደሚያማቸው በሚናገሩ ሰዎች ላይ፣ መስኩ መብራቱን ወይም መጥፋቱን ታማሚውም ፈታኙም ሳያውቅ የተደረጉ 46 ሙከራዎች በ2010 ተገምግመዋል፤ ተሳታፊዎቹ 1,175 ነበሩ። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ግን መስኩ ሲበራና ሲጠፋ አብሮት አልሄደም። አንዳንዱ ራስ ምታት ከመብራት የሚመጣበት መንገድ አለ፤ እሱም የብርሃን መርገብገብ ነው። የድሮ ባላስት ያለው ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። በስልክ የዝግታ ቪዲዮ ሲቀረጹ ብልጭ ድርግም ካሉ መቀየር ነው።

ከዚህ በላይ ግን ጸሐፊው የዘረዘረውን መልሳችሁ አንብቡት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል፤ በአንድ ቤት ያሉ ሁሉ ባንዴ፤ ንጹሕ አየር ሲያገኙ መሻል። ይህ የከሰል ጭስ፣ በትክክል የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ምልክት ነው። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀልቶ «ጠራ» ሲባል ነው እንዲያውም ሰው ተዘናግቶ ወደ መኝታ ክፍል የሚያስገባው። በቤት ውስጥ በማገዶና በከሰል ጭስ የተነሣ በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ጽሑፉ ምልክቱን ለመብራት ሰጥቶ ሰዉን ወደ ምክንያቱ ይሰደዋል፤ ምክሩን ተቀብሎ ከሰል አስገብቶ የተኛ ቤተሰብ ራሱን ሲያመው «ጨረሩ ገና አልወጣም» ብሎ በሩን ሊዘጋ ይችላል።

መብራት ጠፍቶ ከሰል ማንደድ ግድ ከሆነ ውጭ ይንደድ፣ ውጭ ይብሰል፤ ፍሙ ያለበት ማንደጃ ማታ ሰው የሚተኛበት ክፍል አይደር። ከአንድ በላይ ሰው ራሱን ካመመው መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ደጅ ማውጣት፣ በርና መስኮት መክፈት፤ የተዝለፈለፈውን ሳይውሉ ሳያድሩ ኦክስጅን ወዳለው ጤና ተቋም ማድረስና «ከሰል ነበር» ብሎ መናገር። ይህች ቃል ካልተነገረች ሐኪሙም ጉንፋን ወይም የምግብ መመረዝ ሊመስለው ይችላል።